ከሽያጭ ወደ ምርቃት፣ ከምርቃት ወደ ደንበኝነት፦ የነጻ ሥርዓተ ክወና ማሻሻያ የንግድ ሞዴል ለውጥና ለሚዛን፣ ለሸኮና ለቴፒ አካባቢ የትምህርት ተቋማት ያለው ትርጉም

አጽሕሮተ ጽሑፍ

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ማሻሻያ በገንዘብ ከሚሸጥ ዕቃነት በነጻ ወደሚታደል አገልግሎትነት የተሸጋገረበትን የንግድ ምክንያት መመርመርና ሽግግሩ ከማዕከል ርቀው ለሚገኙ የኢትዮጵያ የትምህርት ተቋማት ምን እንደሚያስከትል ማሳየት ነው። ጥናቱ የአፕልን፣ የማይክሮሶፍትን፣ የጉግልንና የክፍት ምንጭ ድርጅቶችን ይፋዊ የዋጋና የድጋፍ ውሳኔዎች በንጽጽር ይመለከታል። የመተንተኛ መሣሪያው በአገራችን ገበያ የታወቀው የ«ምርቃት» ጽንሰ ሐሳብ ነው። የጥናቱ ማጠቃለያ ሐሳብ፣ ነጻ ማሻሻያ ዋጋውን አላጠፋውም፤ ከፋዩን፣ የክፍያውን ጊዜና የክፍያውን ዓይነት ለወጠ እንጂ፣ የሚል ነው። የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በማብቃቱ፣ ይህ ለውጥ ለተቋማት የበጀትና የደህንነት ጥያቄ ሆኖ ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሥርዓተ ክወና፣ ነጻ ማሻሻያ፣ የንግድ ሞዴል፣ የድጋፍ ዘመን፣ ክፍት ምንጭ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ

1. መግቢያ

ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የሥርዓተ ክወና ማሻሻያ እንደ ማንኛውም ዕቃ በሳጥን ተሸጎ የሚሸጥ ነበር። አዲስ የዊንዶውስ ወይም የማክ ዕትም የፈለገ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ዲስኩን ይገዛል፤ ያልፈለገ በነበረው ይቆያል። ዛሬ ሁኔታው ተገላብጧል። ማሻሻያው ተጠቃሚው ባይጠይቀውም በኢንተርኔት ይመጣል፤ ዋጋ አይጠየቅበትም፤ አልፈልግም ማለት ደግሞ ከመቀበል ይልቅ አስቸጋሪ ሆኗል።

ይህ መገላበጥ የሚያስነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ትልልቅ ድርጅቶች ለዓመታት ሲሸጡት የኖሩትን ነገር ለምን በነጻ ሰጡ? ለጥያቄው በቂ መልስ ሳይሰጥ የሚወጣ የመረጃ ቴክኖሎጂ በጀት፣ የማያውቀውን ውል እንደ ፈረመ ሰው ይሆናል። ከሚዛን ተነሥቶ በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኙ ትምህርት ቤቶች፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚጠቀሙት ሥርዓተ ክወና የሚወሰነው በሬድመንድና በኩፐርቲኖ ነው። የውሳኔው ውጤት ግን እዚሁ ይታያል።

ጥናቱ የሰነድ ትንተናን መሠረት ያደረገ ነው። በመጨረሻው ክፍል የቀረበው ስሌት የአንድን የተለየ ተቋም ሁኔታ አይገልጽም፤ የወጪውን መጠንና አካሄድ ለማሳየት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው።

2. የመተንተኛ ጽንሰ ሐሳብ፦ ምርቃት

«ነጻ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ትርጉም ይሸከማል። አንደኛው ያለ ክፍያ መገኘትን፣ ሁለተኛው ከሌላ ሰው ፈቃድ ውጭ መሆንን ያመለክታል። አንድ ሶፍትዌር በመጀመሪያው ትርጉም ነጻ ሆኖ በሁለተኛው ፈጽሞ ነጻ ላይሆን ይችላል። የዊንዶውስና የማክ ነጻ ማሻሻያ ከዚህ ወገን ነው። ሊኑክስ ደግሞ በሁለቱም ትርጉም ነጻ ነው፤ ማንኛውም ሰው ምንጩን ሊያነብ፣ ሊለውጥና ሊያባዛ ይችላል።

የመጀመሪያውን ዓይነት ነጻነት ለመረዳት በየገበያችን የታወቀው ምርቃት ከማንኛውም የውጭ ቃል የተሻለ ያገለግላል። ነጋዴዋ ቡናውን በጣሳ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ያ እፍኝ ዋጋ አልተጠራለትም፤ ነገር ግን ሦስት ባሕርያት አሉት። አንደኛ፣ ላልገዛ ሰው ምርቃት የለም። ሁለተኛ፣ ምርቃቱ ዛሬ ቢሰጥም ዓላማው የነገው ገበያ ነው፤ ገዢው ደንበኛ ሆኖ እንዲመለስ ይፈለጋል። ሦስተኛ፣ መጠኑንና ማብቂያውን የምትወስነው ሰጪዋ ናት፤ ገዢው ቢለምንም በሕግ ሊጠይቅ አይችልም። ነጻ የሥርዓተ ክወና ማሻሻያ እነዚህን ሦስት ባሕርያት ያሟላል። ቀጥሎ የቀረበው ታሪክ ይህን ያረጋግጣል።

3. ማሻሻያ ሸቀጥ የነበረበት ዘመን

የአፕል ማክ ኦኤስ ኤክስ ዕትሞች እስከ 10.5 ድረስ በ129 ዶላር ይሸጡ ነበር። ዋጋው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው 10.6 ወደ 29 ዶላር፣ በ2012 በወጣው 10.8 ወደ 19.99 ዶላር ወረደ። ማቨሪክስ የተባለው 10.9 ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 2013 ያለ ክፍያ ቀረበ። በዊንዶውስ በኩል እ.ኤ.አ. በ2009 የዊንዶውስ 7 ሆም ፕሪሚየም ማሻሻያ 119.99 ዶላር ነበር፤ በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ፕሮ ማሻሻያ ለመጀመሪያዎቹ ወራት በ39.99 ዶላር ተሸጠ፤ 8.1 በ2013 በነጻ ተሰጠ።

ከዚህ ቅደም ተከተል የምንረዳው የዋጋው መውረድ በአንድ ሌሊት የተፈጸመ አለመሆኑን ነው። በአራት ዓመታት ውስጥ ዋጋው ደረጃ በደረጃ ወርዶ ዜሮ ደረሰ። ይህም የሆነው ሶፍትዌሩን መሥራት ስለ ቀለለ አይደለም። መሥራቱ እንዲያውም ይበልጥ ውድ እየሆነ ሄዷል። የተለወጠው ገቢው የሚገኝበት ቦታ ነው።

4. የለውጡ መንሥኤዎች

4.1 የሒሳብ አያያዝ ደንብ

ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው መንሥኤ የሒሳብ አያያዝ ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት አንድ ድርጅት ዕቃ ሸጦ ሙሉ ገቢውን ወዲያው ከመዘገበ በኋላ፣ ለዚያው ዕቃ ጉልህ የሆነ አዲስ አገልግሎት በነጻ ቢጨምር፣ ሽያጩ በመጀመሪያው ቀን አልተጠናቀቀም የሚል ጥያቄ ይነሣል። አፕል በ2007 ቀደም ሲል በተሸጡ ማኮች ውስጥ የነበረውን ፈጣን የገመድ አልባ መገናኛ ለሚያስጀምር አነስተኛ ሶፍትዌር 1.99 ዶላር ያስከፈለው በዚህ ምክንያት ነበር። የአይፖድ ተች ባለቤቶችም በ2008 እና በ2009 ለዋና ማሻሻያ 9.95 ዶላር ሲከፍሉ፣ የአይፎን ባለቤቶች ግን ያንኑ ማሻሻያ በነጻ ያገኙ ነበር። ልዩነቱ የአይፎን ገቢ በ24 ወራት ተከፋፍሎ ይመዘገብ ስለ ነበር ነው፤ ወደ ፊት የሚሰጠው ማሻሻያ አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ተቆጥሯል።

እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ደንቡ ተሻሻለ። ከመሣሪያው ዋጋ ላይ ለወደፊት ማሻሻያ የሚሆን መጠነኛ ድርሻ ብቻ ቀንሶ በየጊዜው መመዝገብ፣ ቀሪውን ወዲያው መያዝ ተፈቀደ። በ2010 የወጣው አይኦኤስ 4 ለአይፖድ ተችም በነጻ ተሰጠ። ማይክሮሶፍትም በበኩሉ ዊንዶውስ 10 ከወጣ በኋላ የፈቃዱን ገቢ በመሣሪያው ግምታዊ ዕድሜ ከ2 እስከ 4 ዓመት ከፋፍሎ ይመዘግብ ነበር፤ ይህን አሠራር የተወው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 አዲሱን የገቢ አመዘጋገብ ደረጃ ሲቀበል ነው። እነዚህ የሒሳብ መዛግብት ጉዳዩን ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ በግልጽ ይናገራሉ፦ ነጻ የተባለው ማሻሻያ ተሽጧል፤ የተሸጠው ግን ኮምፒውተሩ ሲገዛ ነው።

4.2 የገቢ ምንጭ ልዩነት

አፕል ዋና ገቢውን የሚያገኘው ከመሣሪያ ነው፤ ሶፍትዌሩ መሣሪያውን እንዲወደድ ያደርጋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 በገበያ ላይ የዋለውን አንድሮይድ ለስልክ ሠሪዎች ያለ ፈቃድ ክፍያ የሰጠው፣ ገቢው የፍለጋ ማስታወቂያና የመተግበሪያ መደብር ድርሻ ስለሆነ ነው። የማይክሮሶፍት አቋም ከሁለቱም ይለይ ነበር፤ ዊንዶውስን ራሱን ይሸጥ ነበር። ይሁን እንጂ አብዛኛው የዊንዶውስ ገቢ የሚመጣው ኮምፒውተር ሠሪዎች በእያንዳንዱ አዲስ ማሽን ከሚከፍሉት የፈቃድ ዋጋና ከትልልቅ ድርጅቶች ውል እንጂ፣ ግለሰቦች ሱቅ ገብተው ከሚገዙት የማሻሻያ ሳጥን አልነበረም። ስለዚህ የሳጥኑን ሽያጭ መተው ከሚመስለው ያነሰ መሥዋዕትነት ነበር። ድርጅቱ ማያ ገጻቸው ከ9 ኢንች በታች ለሆኑ መሣሪያዎች የዊንዶውስን ፈቃድ በ2014 በነጻ መስጠቱም የአንድሮይድ ጫና ምን ያህል እንደ ነበር ያሳያል።

4.3 የተበታተኑ ዕትሞች ወጪ

ተጠቃሚዎች በአምስት የተለያዩ ዕትሞች ላይ ሲቀሩ፣ ድርጅቱ ለአምስቱም የደህንነት ማስተካከያ ማውጣት ይኖርበታል፤ የመተግበሪያ ሠሪዎችም ለአዲሱ ዕትም ብቻ ለመሥራት አይደፍሩም። ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ ድጋፉ እስከ ሚያዝያ 8 ቀን 2014 መዝለቁ ለማይክሮሶፍት ትምህርት ሆኖታል። ሁሉንም ወደ አንድ ዕትም ለማምጣት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ዋጋውን ማንሣት ነበር።

5. ሐምሌ 22 እና ከዚያ በኋላ

ዊንዶውስ 10 ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2015) ወጣ። የዊንዶውስ 7 እና የ8.1 ሕጋዊ ተጠቃሚዎች እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2008 ዓ.ም. በነጻ እንዲያሻሽሉ ተፈቀደ። ከዚያ ቀን በኋላ የሆም ዕትም በይፋ ወደ 119 ዶላር ተመለሰ፤ በተግባር ግን የአሮጌዎቹ ዕትሞች ቁልፎች አዲሱን ማስጀመር ቀጠሉ። ድርጅቱ ይህን መንገድ መዝጋቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ነው። በይፋ ለአንድ ዓመት የተባለው ምርቃት ስምንት ዓመት ያህል ቆየ ማለት ነው። ሰጪው እስከ ፈለገበት ድረስ መጨመሩ የምርቃትን ሦስተኛ ባሕርይ ያስረዳል።

ድርጅቱ በሁለትና በሦስት ዓመታት ውስጥ 1 ቢሊዮን መሣሪያ ላይ ለመድረስ ዐቅዶ ነበር፤ ግቡ የተመታው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ነው። ከእያንዳንዱ መሣሪያ የሚጠበቀው ገቢ ከመተግበሪያ መደብር ድርሻ፣ ከቢንግ ፍለጋ፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ከሚከፈልባቸው የኦፊስና የደመና ማከማቻ አገልግሎቶች ነበር። «ዊንዶውስ እንደ አገልግሎት» የሚለው የድርጅቱ አባባል ይህን ሽግግር ያጠቃልላል፤ ሥርዓተ ክወናው የሚሸጠው ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ሱቁ የሚከፈትበት በር ሆነ።

በሩን ለመክፈት የተሄደበት መንገድ ግን ቅሬታ አስነሥቷል። በርካታ ጊጋባይት የሚመዝነው የማሻሻያ ፋይል በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተጠቃሚው ሳይጠይቅ አስቀድሞ ይወርድ ነበር። በካሊፎርኒያ አንዲት የአነስተኛ ንግድ ባለቤት ባልፈቀደችው ማሻሻያ ኮምፒውተሯ እንደ ተበላሸ ገልጻ ከስሳ በ2016 የ10,000 ዶላር ካሳ ተቀብላለች። ያልተገደበ ኢንተርኔት ባለበት አገር ይህ የመሰላቸት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የኢንተርኔት አገልግሎትን በሜጋባይት ገዝቶ ለሚጠቀም የሸኮ ወይም የቴፒ ተማሪ ግን «ነጻ» የተባለው ፋይል በጥሬ ገንዘብ የተከፈለበት ነው። ዋጋውን የሚቀበለው ሶፍትዌሩን የሠራው ድርጅት ሳይሆን የቴሌኮም ድርጅቱ መሆኑ ለከፋዩ ልዩነት አያመጣም።

ሌላም መጠቀስ ያለበት ነጥብ አለ። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የተጫነ ዊንዶውስ ቢሻሻልም ፈቃዱ ሕጋዊ አልሆነም፤ ምርቃት ላልገዛ አይሰጥምና። በአገራችን የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከሚጠበቁ ሥራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ «ማሻሻያው ነጻ ነው» ከሚለው አባባል ተነሥቶ «ሥርዓተ ክወናው ነጻ ነው» ወደሚል መደምደሚያ መድረስ ሕጋዊ ስሕተት ነው።

6. የነጻ ማሻሻያ እውነተኛ ጥቅም

ትችቱ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ነጻ ማሻሻያ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ሁለት ማስረጃ እንጥቀስ። የመጀመሪያው የደህንነት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የአንድ አደገኛ ክፍተት ማስተካከያ አወጣ። ከሁለት ወር በኋላ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ሶፍትዌር በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ፤ የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ሆስፒታሎችም ሥራ ተስተጓጎለ። ማስተካከያውን በጊዜው የጫኑ ከጥቃቱ ዳኑ። ለኤክስፒ ድርጅቱ የተለየ አስቸኳይ ማስተካከያ ያወጣው ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ ነበር።

ሁለተኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ደረጃ 3.0 የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ የኤክስፒ ተጠቃሚ አማርኛ ለማንበብም ሆነ ለመጻፍ ከሌላ ወገን ፊደልና የመጻፊያ ሶፍትዌር መጫን ነበረበት። ኒያላ የተባለው ፊደል ከቪስታ ጋር በ2007 ሲመጣ፣ ከዚያም ኢብሪማ የተባለው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግእዝን ሲያካትት፣ አማርኛ በማንኛውም አዲስ ኮምፒውተር ላይ ያለ ተጨማሪ ወጪ መነበብ ቻለ። የማሻሻያው ዋጋ መነሣት ይህን ጥቅም ወደ ብዙ ሰው አድርሷል።

7. ምርቃቱ ሲያበቃ

ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲወጣ ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች በነጻ ቀረበ፤ ነገር ግን የሃርድዌር ቅድመ ሁኔታ ተያያዘበት። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕና ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። በኢንቴል በኩል ዝርዝሩ በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ይጀምራል። ያገለገሉ ሆነው ወደ አገር የሚገቡ ብዙ ላፕቶፖች ከዚህ መስመር በታች ናቸው። ማሻሻያው ነጻ ነው፤ ማሻሻያውን ለመቀበል ብቁ የሆነው ማሽን ግን ነጻ አይደለም። ክፍያው ከሶፍትዌር ወደ ሃርድዌር ተዛውሯል።

የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። መቀጠል የሚፈልግ የተራዘመ የደህንነት ማዘመኛ መግዛት ይችላል። የዋጋው አደረጃጀት የንግድ ሞዴሉን ከሁሉ በላይ ያብራራል። ግለሰብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ለሚዘልቀው አንድ ዓመት 30 ዶላር ይከፍላል፤ ወይም የማይክሮሶፍት አካውንት ከፍቶ የኮምፒውተሩን ቅንብር በድርጅቱ ደመና ላይ ካስቀመጠ ያለ ክፍያ ያገኛል። ድርጅቶች በአንድ መሣሪያ በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ይከፍላሉ፤ ዋጋው በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይዘልቃል። የትምህርት ተቋማት ዋጋ በመጀመሪያው ዓመት 1፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4 ዶላር ነው።

ከሦስቱ የዋጋ ዓይነቶች ሦስት ነገር እንረዳለን። ግለሰቡ በገንዘብ ፈንታ በአካውንት ሊከፍል መቻሉ፣ ደንበኝነትና መረጃ የ30 ዶላር ያህል ዋጋ እንደ ተሰጣቸው ያመለክታል። የድርጅቱ ዋጋ በየዓመቱ መታጠፉ፣ ክፍያው ገቢ ለማስገኘት ብቻ ሳይሆን ወደ አዲስ ማሽን ለመግፋት መታቀዱን ያሳያል። የትምህርት ዋጋው ዝቅተኛነት ደግሞ ተማሪው የለመደውን ሥርዓት ነገ በሥራ ቦታው እንደሚፈልግ ከሚታመነው እምነት ተለይቶ አይታይም።

8. ሁለት ንጽጽሮች፦ ስልክና ክፍት ምንጭ

ብዙ ኢትዮጵያውያን ሥርዓተ ክወናን የሚያውቁት ከኮምፒውተር ይልቅ በስልክ ነው። በአንድሮይድ ላይ ማሻሻያው ከጉግል ተነሥቶ በቺፕ ሠሪውና በስልክ ሠሪው በኩል ያልፋል። ስልኩን አንድ ጊዜ ሸጦ ትርፉን የያዘ ሠሪ ለርካሽ ስልክ ማሻሻያ በማዘጋጀት የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። ስለዚህ ማሻሻያ የውድ ስልኮች መለያ ሆነ፤ ጉግል በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በ2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገቡ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ጉዳዩን ለሻጭ በጎ ፈቃድ አልተወውም። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ስልክ ሠሪዎች አንድ ሞዴል መሸጡ ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሥርዓተ ክወና ማሻሻያ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ይህ ምርቃትን ወደ ግዴታ የለወጠ ውሳኔ ነው።

የክፍት ምንጭ ሥርዓቶች ሌላ መንገድ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኡቡንቱ ሥርዓቱን በነጻ እየሰጠ ካኖኒካል የተባለው ድርጅት በድጋፍ አገልግሎት ይተዳደራል፤ የረጅም ጊዜ ዕትሞቹ መደበኛ ድጋፍ 5 ዓመት ነው። ይሁንና ክፍት ምንጭም ከንግድ ውሳኔ ውጭ አይደለም። ሴንትኦኤስ 8 የተባለው ነጻ ሥርዓት እስከ 2029 እንደሚደገፍ ተነግሮ ሳለ፣ ሬድ ሃት በታኅሣሥ 2020 ባሳለፈው ውሳኔ ድጋፉ በ2021 መጨረሻ ተቋረጠ። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምንጩ ክፍት ስለ ነበር ሮኪ ሊኑክስና አልማሊኑክስ የተባሉ ተተኪዎች በወራት ውስጥ ወጡ። የተዘጋ ሥርዓት ባለቤት በሩን ሲዘጋ ሌላ በር የለም፤ በክፍት ምንጭ ግን ጎረቤት በር ሊሠራ ይችላል።

9. ለአካባቢያችን ተቋማት ምን ማለት ነው?

40 ኮምፒውተር ያለውን አንድ የቤተ ሙከራ ክፍል በምሳሌነት እንውሰድ። ማሽኖቹ ዊንዶውስ 10 ላይ ናቸው፤ ለዊንዶውስ 11 ብቁ አይደሉም። ክፍሉ በትምህርት ዋጋ ከተመዘገበ የሦስት ዓመቱ ወጪ ለአንድ ማሽን 7 ዶላር፣ ለ40ዎቹ 280 ዶላር ይሆናል። ያው ክፍል በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ቢሆን፣ የአንዱ ማሽን ወጪ 427 ዶላር፣ የ40ዎቹ 17,080 ዶላር ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ አጋጣሚ ሆኖ ዊንዶውስ 10 የወጣበት ዘጠነኛ ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ57 ብር ሲሰላ ሁለተኛው ወጪ 973,560 ብር ነው፤ በ100 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ 1,708,000 ብር ይደርሳል። አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያበቃ ዕቃ የምንዛሪ ለውጥን አንድ ጊዜ ይቀበላል፤ በየዓመቱ የሚከፈል ደንበኝነት ግን በየዓመቱ ይጋለጣል። ይህ ከንግድ ሞዴሉ ለውጥ የሚመነጭ፣ የዶላር ገቢ የሌለው ተቋም ሊያስበው የሚገባ ስጋት ነው።

የመስመር አቅም ስሌትም ይህን ይመስላል። አንድ ዋና ማሻሻያ 4 ጊጋባይት ነው ብንልና 40 ማሽኖች ለየብቻ ቢያወርዱት 160 ጊጋባይት ይሆናል። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ሌላ ምንም ሥራ ሳይሠራበት 35 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። አንድ ጊዜ ብቻ ወርዶ በውስጥ መረብ ቢከፋፈል ግን ማውረዱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ዊንዶውስ ለዚህ የሚሆን የማከፋፈያ አገልግሎት አለው፤ ሊኑክስም በአካባቢ አገልጋይ ላይ የፓኬጆችን ቅጂ ማስቀመጥን ይፈቅዳል። የ35 ሰዓቱና የአንድ ሰዓቱ ልዩነት የሚመጣው ከገንዘብ ሳይሆን ከባለሙያ ዕውቀት ነው።

ለአሮጌ ማሽኖች የሚሆነውን መፍትሔ የአካባቢያችን ቡና አምራች አስቀድሞ ያውቀዋል። ቡናው ሲያረጅና ምርቱ ሲቀንስ ገበሬው ሁልጊዜ ነቅሎ አዲስ ችግኝ አይተክልም፤ አዲስ ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋልና። ሥሩ ጤናማ ከሆነ ይጎነድለዋል፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። በሽታ የገባበትን ግን መንቀል ግድ ነው። የኮምፒውተርም ጉንደላ አለ። ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ተተክቶ፣ ሚሞሪው ጨምሮ፣ ቀላል የሊኑክስ ዕትም የተጫነበት ማሽን ለጽሑፍ፣ ለስታቲስቲክስና ለፕሮግራም ትምህርት ተጨማሪ ዓመታት ያገለግላል። ሊብሬኦፊስ፣ አር እና ኪውጂአይኤስ በሊኑክስም በዊንዶውስም ይሠራሉ። አርክጂአይኤስ ፕሮን የመሰሉ በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚያስፈልጋቸው ትምህርቶች ደግሞ ጥቂት ብቁ ማሽኖችን ይሻሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ» መሆኑ ቀርቶ «የትኛው ማሽን ለየትኛው ሥራ» መሆን አለበት። ጉንደላ የራሱ ወጪ እንዳለውም መዘንጋት የለበትም፤ መምህራንንና ቴክኒሻኖችን ማሠልጠን ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል።

በመጨረሻም በመረጃ የሚከፈለው ክፍያ አለ። የተማሪዎችን ውጤት ወይም የታካሚዎችን መዝገብ የያዘ ኮምፒውተር በግል አካውንት ተመዝግቦ ወደ ውጭ ደመና ሲገለበጥ፣ 30 ዶላር የተቆጠበ ሊመስል ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ግን የሌላን ሰው መረጃ ለራስ ምርቃት መክፈያ ማድረግ የተቋሙን ኃላፊነት የሚያስከትል ተግባር ነው።

10. መደምደሚያ

የሥርዓተ ክወና ማሻሻያ ዋጋ የጠፋው በሦስት ምክንያቶች ነው፦ ገቢው ወደ መሣሪያ፣ ወደ ማስታወቂያና ወደ ወቅታዊ ክፍያ በመዛወሩ፣ የተበታተኑ ዕትሞችን መደገፍ ውድ በመሆኑ፣ እንዲሁም የሒሳብ አያያዝ ደንቦች ይህን እንዲመዘግቡ በመስተካከላቸው። ውጤቱም ተጠቃሚው ከገዢነት ወደ ደንበኝነት መሸጋገሩ ነው። ገዢ የገዛው ዕቃ አለው፤ ደንበኛ ግን ያለው ግንኙነት ነው፤ ግንኙነቱ የሚቆይበትን ዘመን የሚወስነው ሌላው ወገን ነው።

ከዚህ በመነሣት ለአካባቢው ተቋማት አራት ምክረ ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ማንኛውም የኮምፒውተር ግዢ ጨረታ ሲወጣ የፕሮሰሰር ፍጥነትና የሚሞሪ መጠን ብቻ ሳይሆን የሥርዓተ ክወናው ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን በመስፈርትነት ይካተት። ሁለተኛ፣ በልገሳ የሚመጡ ማሽኖች ከመወሰዳቸው በፊት በዚሁ መስፈርት ይመርመሩ። ሦስተኛ፣ ድጋፍ ያበቃባቸው ማሽኖች ወይ የተራዘመ ማዘመኛ ይገዛላቸው፣ ወይ ይጎንደሉ፣ ወይ ከመረብ ይነጠሉ፤ እንደ ነበሩ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝተው መቀጠል ምርጫ ሊሆን አይገባም። አራተኛ፣ ማሻሻያ በአንድ የውስጥ አገልጋይ በኩል ይከፋፈል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በቅርብ የሚገኝ የጥናት መስክ አለ። በሚዛን አማን፣ በሸኮና በቴፒ ያሉ የሕዝብ ተቋማት የማሽኖቻቸውን ዕድሜ፣ የሥርዓተ ክወና ዕትምና የማሻሻያ ወጪ መዝግቦ መተንተን ለአንድ የማስተርስ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲኖር ቀጣዩ የድጋፍ ማብቂያ ቀን ተቋማቱን በድንገት አይደርስባቸውም፤ የሚመረቅላቸውን ከመጠበቅ ይልቅ የሚያስፈልጋቸውን ቆጥረው ወደ ገበያው ይወጣሉ።